የሱቁ ኮምፒዩተርም እንደ ሒሳብ መዝገብ ይጠበቅ

ነጋዴ ከመጋዘኑ ዕቃ የጐደለበት እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚገልጠው የዕቃ መግቢያና መውጫ መዝገቡን ነው። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ በማን እጅ ወጣ፣ በየትኛው ቀን ወጣ ብሎ መርምሮ ጉድለቱን ከምንጩ ያገኘዋል እንጂ መጋዘኑን አፍርሶ እንደ ገና አይሠራም። ነገር ግን ይኸው ጥንቁቅ ነጋዴ የሽያጭ ሰነድ የሚያዘጋጅበት፣ የባንክና የጉምሩክ ወረቀት የሚጽፍበት ኮምፒዩተር በድንገት ሲቆምበት ነገሩን በዚህ መንገድ አይመረምረውም። ወይ «ማሽኑ አርጅቷል» ብሎ አዲስ ለመግዛት ይነሣል፤ ወይ «ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ የጥገና ሠራተኛ አስጠርቶ ሁሉን ያስደመስሳል፤ ወይም ደግሞ ከማሽኑ ፊት የተቀመጠችውን ጸሐፊ «ምን ነካክተሽ ነው?» ብሎ ይቈጣል። ሦስቱም ገንዘብና ጊዜ ያስከፍላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን አንዳቸውም በሽታውን አያድኑም።

እንዲህ ያለው ልማድ የሚመጣው ነጋዴው ኮምፒዩተርን እንደ አንድ ወጥ ዕቃ፣ ማለት እንደ ሚዛን ወይም እንደ ካዝና ስለሚቈጥረው ነው። ሚዛን ከተሰበረ ተሰብሯል፤ ካዝናም አልከፈት ካለ ቍልፉ ተበላሽቷል። ኮምፒዩተር ግን ከዕቃ ይልቅ ብዙ ሠራተኞች ያሉበትን የንግድ ቤት ይመስላል። በውስጡ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያዩ ሰዎች የተጻፉ፣ እርስ በርሳቸውም የማይተዋወቁ ብዙ ፕሮግራሞች አብረው ይሠራሉ። ሕንጻው ደኅና ሆኖ ሳለ ሠራተኞቹ ካልተስማሙ ሥራው ይቆማል። ያለ ምክንያት የቆመ የሚመስለውም ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ የቆመው ከሁለት ነገሮች በአንዱ ነው፤ ይኸውም ወይ ሁለት ፕሮግራሞች ስለ ተጋጩ፣ ወይ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ስላረጀ ነው።

ድራይቨር ማለት በዊንዶውስና ከእርሱ ጋር በተያያዘው መሣሪያ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ማለት ነው። ማተሚያው፣ የባርኮድ ማንበቢያው፣ የስክሪኑ ካርድ፣ የኔትወርኩ ካርድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሠራር አላቸው፤ ዊንዶውስም ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው አያውቅም። ስለዚህ መሣሪያውን የሠራው ፋብሪካ አብሮ አስተርጓሚ ያዘጋጅለታል። ዊንዶውስ «ይህን ወረቀት አትም» ሲል ድራይቨሩ ትእዛዙን ማተሚያው በሚያውቀው ቋንቋ ያስተላልፋል። ዊንዶውስ በየጊዜው እየተለወጠ ሲሄድ አስተርጓሚው በድሮው ቋንቋ ብቻ ከቀረ ግን፣ አንድ ቀን የተነገረውን ሳይረዳ ይቀርና ሥራው ይበላሻል። ያረጀ ድራይቨር የሚያመጣው ጣጣ ይኸው ነው።

ታዲያ የአንድ መሣሪያ አስተርጓሚ ቢሳሳት ስለ ምን ኮምፒዩተሩ በሙሉ ይቆማል የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ መልሱ የሚገኘው ድራይቨሩ ከሚሠራበት ስፍራ ላይ ነው። ተራ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ደብዳቤ የሚጻፍበቱ፣ ቢሳሳት ዊንዶውስ እርሱን ብቻ ዘግቶ ሌሎቹን ያስቀጥላል። ብዙዎቹ ድራይቨሮች ግን የሚሠሩት ከርነል በሚባለው በዊንዶውስ እንብርት ውስጥ ነው። ይህን ስፍራ ከንግድ ቤቱ ገንዘብ ክፍል ጋር ማመሳሰል ይቻላል። በገንዘብ ክፍል ውስጥ አጠራጣሪ ነገር ሲታይ ሁሉም ወጥቶ በሩ እንደሚዘጋ፣ ዊንዶውስም በእንብርቱ ውስጥ ስሕተት ሲያገኝ የተበላሸ ነገር በሰነዶቹ ላይ እንዳይጻፍ በማሰብ ሥራውን ራሱ ያቆማል። ለብዙ ዘመን በሰማያዊ ስክሪን፣ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በዊንዶውስ 11 ላይ በጥቁር ስክሪን የሚታየው ማስታወቂያ ይህ ነው። እንግዲህ ያ ስክሪን የማሽኑ መርዶ ሳይሆን የጥበቃ ደወል ነው፤ በላዩ የተጻፈው ቃል ወይም የፋይል ስምም ለመርማሪው የመጀመሪያው ምስክር ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት አንድ ጥናት መጥቀስ ይበቃል። በ2003 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በዚያን ጊዜ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ከተመዘገቡት ብልሽቶች 85 በመቶ የሚሆኑት ከድራይቨር የመጡ መሆናቸውን ገልጸዋል። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ብዙ ተሻሽሏል። ቢሆንም የነገሩ ሥር አለመነቀሉን በቅርብ ዓመታት የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው ለባለሱቅ ቅርብ የሆነ ነው። የካቲት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት እንደ ልማዱ የወሩን የዊንዶውስ ማሻሻያ አወጣ። ማሻሻያው በተጫነባቸው ብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ሰው ወረቀት ለማተም ትእዛዝ በሰጠ ቍጥር ሰማያዊው ስክሪን ይመጣና ማሽኑ ይቆም ጀመር። በተለይ የኪዮሴራ፣ የሪኮና የዜብራ ማተሚያ ያላቸው ሰዎች በብዙ ተቸገሩ። ማይክሮሶፍት የማረሚያውን ማሻሻያ ማውጣት የጀመረው መጋቢት 6 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ማተሚያው አልተሰበረም፤ ኮምፒዩተሩም አላረጀም፤ ቫይረስም አልገባም። አዲሱ ማሻሻያና የማተሚያው አሠራር አልተስማሙም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ያን ማሻሻያ ከማሽኑ ላይ ያነሣ ሰው በዚያው ቀን ሥራውን ቀጠለ። ነገር ግን የካቲት 30 ቀን ምን እንደ ተለወጠ ያላወቀ ሰው መድኀኒቱን ከየት ያገኘዋል? ማተሚያውን ይለውጣል፤ አዲሱም ማተሚያ ያው ይሆንበታል።

ሁለተኛው ዓለምን በሙሉ ያወከው ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ጧት፣ በእኛ አቈጣጠር 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ለደንበኞቹ አንድ አነስተኛ ፋይል ላከ። የዚህ ኩባንያ ጥበቃ የሚሠራው ከላይ በተባለው በዊንዶውስ እንብርት ውስጥ እንደ ድራይቨር ሆኖ ነው። የተላከው ፋይል ስሕተት ስለ ነበረበት ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ኮምፒዩተሮች ቆሙ። በብዙ አገሮች አውሮፕላኖች ከመነሣት ተከለከሉ፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች ሥራቸው ተሰናከለ። ኩባንያው ስሕተቱን ዐውቆ ፋይሉን የመለሰው ከ78 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ነገር ግን የቆሙት ማሽኖች ብዙዎቹ ራሳቸውን ችለው ሊነሡ ስላልቻሉ፣ ሠራተኞች ከእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ፊት እየቀረቡ ያን ፋይል በእጃቸው ማጥፋት ግድ ሆነባቸው። በ78 ደቂቃ የተፈጸመው ጥፋት ለብዙ ቀናት ሲጠገን ሰነበተ። ከዚህ በኋላ ኩባንያው እንዲህ ያለውን ፋይል ለሁሉም በአንድ ጊዜ መላኩን ትቶ በየደረጃው ለመላክ ቃል ገባ።

ይህን የሰማ ነጋዴ «እንግዲያውስ ማሻሻያ የሚባል ነገር በደጄ አይድረስ» ብሎ ቢወስን አያስደንቅም። ብዙዎችም እንዲህ ወስነው የዊንዶውስን ማሻሻያ ዘግተዋል። ነገር ግን ይህም ከገደል ሸሽቶ ወደ ገደል መሄድ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። አሮጌ ዊንዶውስ ይዞ የቆየ ሰው ከሌባ የሚጠብቀው አዲስ ማሻሻያ እንደ ቀድሞው አይደርሰውም፤ አዲስ ማተሚያ ሲገዛም ውሎ አድሮ ለእርሱ የሚስማማ ድራይቨር ያጣል። በሌላ በኩል አዲሱን ዊንዶውስ 11 ያስገባ ሰው ከ15 ዓመት በፊት የገዛው ማተሚያ ድራይቨር ለ32 ቢት ዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ከሆነ፣ ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ ያ ድራይቨር አይሠራለትም። ስለዚህ ጥያቄው ማሻሻል ወይስ አለማሻሻል የሚል አይደለም። መቼ፣ በየትኛው ማሽን ላይ፣ በማን ፈቃድ፣ ምን ተመዝግቦ የሚል ነው።

ከድራይቨር ቀጥሎ የሚመጣው የፕሮግራሞች ግጭት ነው። ከሁሉ የታወቀው በአንድ ማሽን ላይ ሁለት አንቲቫይረስ መጫን ነው። ባለቤቱ ይህን የሚያደርገው ጥበቃው የበረታ መስሎት ነው። ሆኖም አንቲቫይረስ ማለት የሚከፈተውን ፋይል ሁሉ አስቁሞ የሚፈትሽ ዘበኛ ስለ ሆነ፣ ሁለት ዘበኞች በአንድ በር ሲቆሙ አንዱ ሌላውን ሲፈትሽ፣ ያኛውም ይህን ሲይዝ፣ ገቢው ሰው ከመካከላቸው ቆሞ ይቀራል። ማሽኑ ይዘገያል፤ ሲብስም ፈጽሞ ይቆማል። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር የተባለው ጥበቃ ይህን ስለሚያውቅ ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ለእርሱ ቦታውን ይለቃል፤ ሁለት ከውጭ የመጡ አንቲቫይረሶች ግን እንዲህ ያለ ትሕትና የላቸውም።

አንድ ዘበኛ ብቻውን ሆኖም ሊሳሳት ይችላል። ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም. ማካፊ የተባለው አንቲቫይረስ ባወጣው ማሻሻያ በዊንዶውስ ኤክስፒ ውስጥ እጅግ አስፈላጊ የሆነውን አንድ ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ስለ ያዘው በብዙ አገሮች ኮምፒዩተሮች እየተነሡ መልሰው ይጠፉ ነበር። በአገራችንም ብዙ የንግድ ቤቶች የሚሠሩበት ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ሰነዶቹን የሚያነብለት ፐርቬሲቭ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ከበስተጀርባው አለ። አንቲቫይረሱ ወይም ፋየርዎሉ ይህን ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ከከለከለው ፒችትሪ አልከፈት ይላል፤ ሒሳብ ያዡም ሰነዱ የጠፋ መስሎት ይደነግጣል። ሰነዱ ግን በስፍራው ነው፤ የተዘጋው በሩ ነው።

ሌላም ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ሳይገዛ በተቀዳ ፕሮግራም መሥራት በገበያችን ውስጥ የተለመደ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ለማስከፈት የሚጫነው ክራክ የተባለው ፕሮግራም ለአንቲቫይረስ እንደ ሌባ ይታየዋል፤ ይዞም ያስወግደዋል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ የጥገና ሠራተኞች መፍትሔ አድርገው የሚወስዱት አንቲቫይረሱን መዝጋት ነው። እንዲህ ሲሆን የንግድ ቤቱ በር ያለ ዘበኛ ያድራል። በርካሽ የተገኘው ፕሮግራም ዋጋው መጨረሻ ላይ ሲታሰብ ርካሽ ላይሆን ይችላል።

አስመጭዎችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በጥቅምት ወር 2007 ዓ.ም. ኤፍቲዲአይ የተባለው የመገናኛ ቺፕ ፋብሪካ በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል አዲስ ድራይቨር አሰራጨ። ይህ ድራይቨር የኩባንያው ስም በሐሰት የተደረገባቸውን ቺፖች ሲያገኝ መለያ ቍጥራቸውን ወደ ዜሮ ይለውጥ ስለ ነበር፣ ትናንት ይሠራ የነበረ የኮምፒዩተር ገመድ ዛሬ በዊንዶውስ ዘንድ የማይታወቅ ሆነ። ብዙ ጩኸት ከተነሣ በኋላ ድራይቨሩ ቢነሣም ነገሩ ትምህርት ሆኖ ቀርቷል። እነዚህ ገመዶች ሚዛንን፣ የባርኮድ ማንበቢያንና የገንዘብ መመዝገቢያን ከኮምፒዩተር ጋር ለማገናኘት የሚያገለግሉ ናቸው። ገመዱን የገዛው ባለሱቅ ሐሰተኛ መሆኑን አላወቀም፤ የሸጠለትም ምናልባት አላወቀም። ነገር ግን ዕቃውን ከውጭ የሚያስመጣው ሰው «ድራይቨሩ ከፋብሪካው ይገኛል ወይ? ለየትኛው ዊንዶውስ ነው?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ድራይቨር የሌለው መሣሪያ መለዋወጫ እንደማይገኝለት መኪና ነው፤ የተሸጠ ቀን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ደንበኛና ሻጭ ያጣላል።

እንግዲህ መድኀኒቱ ምንድር ነው ቢባል ከሒሳብ ክፍል ሳይወጡ የሚገኝ ነው። ወደ ገንዘብ ሣጥን የገባና የወጣ ሳይጻፍ እንደማያልፍ፣ ወደ ኮምፒዩተሩም የገባና የወጣ ነገር ሳይጻፍ አይለፍ። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ደብተር ይበቃል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የማሽኑ ሞዴል፣ የዊንዶውሱ ዓይነት፣ ከእርሱ ጋር የተያያዙት መሣሪያዎች ሞዴልና የተጫኑት ፕሮግራሞች ዝርዝር ይጻፋል። በቀሩት ገጾች ላይ አምስት ዓምድ ይሰመራል፤ እነርሱም ቀን፣ የተለወጠው ነገር፣ የለወጠው ሰው፣ የተለወጠበት ምክንያት፣ በኋላ የታየው ውጤት ናቸው። አንድ መስመር ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ያ መስመር ከሌለ ግን ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ማሽኑ በቆመ ጊዜም ሥራው በሥርዓት ቢከናወን ይሻላል።

1ኛ፤ በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ሳያጠፉ መገልበጥ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ በዚያን ጊዜም ምን ይሠራ እንደ ነበር መጻፍ ነው። «ማተም ባዘዝን ቍጥር ይቆማል» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ለባለሙያው ከግማሽ ቀን ድካም ይበልጥበታል።

2ኛ፤ ደብተሩን ገልጦ በመጨረሻ የተለወጠው ምን እንደ ሆነ ማየት ነው። ደብተር ያልነበረው ሰውም ቢሆን ጨርሶ ተስፋ አይቈርጥም፤ ዊንዶውስ ራሱ ሪላየቢሊቲ ሞኒተር የተባለ የቀን መዝገብ ይይዛል። በዚያ ላይ የቆመበት ቀን በቀይ ምልክት ይታያል፤ የተጫኑ ፕሮግራሞችና ማሻሻያዎችም በየቀናቸው ተዘርዝረው ይገኛሉ።

3ኛ፤ ያን የመጨረሻ ለውጥ ብቻ መመለስ ነው። ፕሮግራም ከሆነ ማንሣት፤ የዊንዶውስ ማሻሻያ ከሆነ እርሱንም ማንሣት፤ ድራይቨር ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀር በሚባለው ስፍራ ሮል ባክ ድራይቨር የሚለውን መርጦ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ሁለትና ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ማሽኑ ቢድን እንኳ በየትኛው እንደ ዳነ አያውቅም።

4ኛ፤ ማሽኑ አልነሣ ካለ በሴፍ ሞድ ማስነሣት ነው። በዚህ ሁኔታ ዊንዶውስ እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ ይነሣል። በሴፍ ሞድ ደኅና ሆኖ የሚሠራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የማሽኑ አካል ደኅና መሆኑን፣ ጠቡም በፕሮግራሞቹ መካከል መሆኑን ያመለክታል።

5ኛ፤ ጠበኛው ካልታወቀ ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሡትን የውጭ ፕሮግራሞች በሙሉ መዝጋት፣ ከዚያ ግማሾቹን ከፍቶ ማየት ነው። ችግሩ ከተመለሰ ጠበኛው ከተከፈቱት መካከል ነው፤ ካልተመለሰ ካልተከፈቱት መካከል ነው። ግማሹን እንደ ገና ለሁለት እየከፈሉ ቢሄዱ በጥቂት ሙከራ ይገኛል።

6ኛ፤ አዲስ ድራይቨር ካስፈለገ ከመሣሪያው ፋብሪካ ወይም ከዊንዶውስ ማሻሻያ ብቻ መውሰድ ነው። «ድራይቨሮችህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አድስልሃለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞች ማንነቱ ያልታወቀ ደላላ እንደ ማለት ናቸውና መራቅ ይሻላል።

በርግጥ ቆመ የተባለ ኮምፒዩተር ሁሉ በፕሮግራም ምክንያት የቆመ አይደለም። መብራት ሲጠፋና ሲመጣ የሚደርስ ጉዳት፣ አቧራ የሚያመጣው ሙቀት፣ የራም ወይም የዲስክ መበላሸት እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ልዩነቱ ግን በጥቂቱ ይታወቃል። ማሽኑ ሁልጊዜ በአንድ ሥራ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ማስታወቂያ የሚቆም ከሆነ ወይም ከአንድ ለውጥ በኋላ የጀመረው ከሆነ ፕሮግራምና ድራይቨር ይጠረጠራሉ። ያለ ወቅቱ፣ በማንኛውም ሥራ ላይ፣ በየጊዜው በተለየ ማስታወቂያ የሚቆም ከሆነ፣ ወይም በሴፍ ሞድም የማይቀር ከሆነ አካሉ ይጠረጠራል። ይህን ለመለየት የሚያስችለው ግን አሁንም መዝገብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ፎርማት የሚባለው ነገር ነው። በብዙ ስፍራ ማሽን በቆመ ቍጥር «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። እርግጥ ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ጠቡ ለጊዜው ይጠፋል፤ ጠበኞቹ ሁሉ ወጥተዋልና። ነገር ግን ያው ድራይቨርና ያው ሁለት አንቲቫይረስ ተመልሰው ሲጫኑ ጠቡም ተመልሶ ይመጣል። በዚህ መካከል የሒሳብ ሰነድ ሳይገለበጥ ዲስኩ ከተጠረገ፣ የሦስትና የአራት ዓመት የሽያጭ፣ የዱቤና የዕቃ ሒሳብ አብሮ ይሄዳል። ግብር ሰብሳቢው ለጠየቀው ሰነድ «ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ነበር» የሚለው መልስ አያድንም። ዱቤ የወሰደ ደንበኛም ያልተጻፈ ዕዳ ያስታውሳል ተብሎ አይታመንም። ዕቃው በሞጆ ደረቅ ወደብ የቆመበት አስመጭም ሰነዱ እንደ ገና ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ የማከማቻው ኪራይ ይቈጠርበታል። ስለዚህ የሒሳብ ሰነድ ቅጂ በየቀኑ ማታ ከኮምፒዩተሩ ውጭ በሆነ ዲስክ ላይ ሳይያዝ፣ ቅጂውም በርግጥ የሚከፈት መሆኑ ሳይረጋገጥ፣ ማንም ሠራተኛ ፎርማት የሚለውን ቃል እንዳያነሣ ባለቤቱ ቢደነግግ ይገባዋል። የጥገና ሠራተኛም ገንዘቡን ሲቀበል ምን እንዳነሣና ምን እንደ ጫነ በደብተሩ ላይ ጽፎ ይፈርም። ይህን እንቢ የሚል ሰው የሠራውን ራሱም በደንብ አያውቀውም ማለት ነው።

ለውጥ የሚደረግበት ቀንም ይመረጥ። ኮምፒዩተሮቹ ከአንድ በላይ የሆኑ እንደ ሆነ ማሻሻያው መጀመሪያ ሥራ በማይበዛበት በአንዱ ላይ ይጫን፤ ማተሚያውም፣ የሒሳብ ፕሮግራሙም፣ ባርኮድ ማንበቢያውም ይሞከር፤ ደኅና ሆኖ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ወደ ሌሎቹ ይለፍ። አንድ ማሽን ብቻ ያለው ሰውም ዊንዶውስ ማሻሻያውን ለጊዜው የሚያቆይበት ምርጫ ስላለው፣ የሌሎቹን ወሬ ሰምቶ በሳምንቱ ቢጭን አይጐዳም። የወር ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን፣ በዘመን መለወጫና በፋሲካ ዋዜማ ገበያ በሚደራበት ሳምንት ግን ምንም ነገር ባይነካ ይሻላል። በገበያ ቀን የመደርደሪያ ቦታ የሚለውጥ ባለሱቅ የለም።

ለሠራተኛም ፍርድ ይገባዋል። ማሽን በቆመ ቍጥር የምትወቀስ ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ተቀባይ ከሁለት አንዱን ትማራለች፤ ወይ ምንም ነገር ላለመንካት፣ ወይ የነካችውን ለመደበቅ። ሁለቱም ለቤቱ ጉዳት ናቸው። ማሻሻያ ያመጣው ጠብ ለሠራተኛዋ በደል ተደርጎ ሲቈጠር እውነተኛው ምክንያት ተሸፍኖ ይቀራል፤ በሚመጣው ወርም ተመልሶ ይመጣል። በአንጻሩ የታየውን ሁሉ ያለ ፍርሃት የምትጽፍ ሠራተኛ ለቤቱ ከውድ አንቲቫይረስ ትበልጣለች። ደብተሩ የጥፋተኛ መፈለጊያ ሳይሆን የምክንያት መፈለጊያ መሆኑን ባለቤቱ አስቀድሞ ቢነግር ሥራው ይቃናል።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለንግድ ምክር ቤቱና ለአባላቱ ሊቀርብ ይገባል። አንድ ነጋዴ ብቻውን የሚይዘው ደብተር ለራሱ ይጠቅመዋል፤ የብዙዎች ደብተር ግን ቢገናኝ ገበያውን በሙሉ ይጠቅማል። የትኛው ማተሚያ ከየትኛው ዊንዶውስ ጋር ተስማማ፣ የትኛው የሒሳብ ፕሮግራም ዓመተ ምሕረት በየትኛው ማሽን ላይ አስቸገረ፣ በዚህ ወር የወጣው ማሻሻያ ምን አመጣ የሚለውን አባሎች እየጻፉ ቢልኩ፣ በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣም አንድ ትንሽ ዓምድ ቢሰጠው፣ በአንዱ ሱቅ የታየው ችግር ለሌላው ሱቅ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ነጋዴዎች የዋጋን ወሬ ከመለዋወጥ ቦዝነው አያውቁም። የኮምፒዩተርም ወሬ ዛሬ ከዋጋ ወሬ የሚያንስ አይደለም፤ ደረሰኝ ያልታተመለት ዕቃ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን ከሱቅ አይወጣምና።